ፉርኖ፦ የአያቴ እጅ፣ የሐረር ዳቦ እና አንድ ማሽን

መብራት የጠፋው ማሽኑ ሊጡን አቡክቶ ሊጨርስ 12 ደቂቃ ሲቀረው ነበር። ትንሿ ስክሪን ላይ ወደ ኋላ ይቆጥር የነበረው ቁጥር ድንገት ጠፋ፤ ከሆዱ ውስጥ ሲያጉረመርም የቆየው ነገርም ዝም አለ። እኔ ሐረር፣ ሸንኮር፣ አያቴ ሳሎን መሀል ስልኬን እየዳበስኩ ቆሜያለሁ። አያቴ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ ሳቋን ለቀቀችው።

«አቦ! ደሞዙን ሳትከፍለው ቀርተህ ነው እንዴ ሠራተኛህ ያቆመው?»

(ሐረርን ለማታውቁ፦ እኛ ጋ አንቱታ ብዙም አይሠራም። አያትም «አንቺ» ናት። አዲስ አበባ የመጣሁ ሰሞን በዚህ ምክንያት ስንት ሰው እንደተቀየመኝ እኔ ነኝ የማውቀው።)

ማሽኑን ያመጣሁት እኔ ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ሶፍትዌር እየሠራሁ ነው የምኖረው። አንድ ዘመድ ከውጭ ይዞት መጥቶ፣ ቁም ሳጥን ላይ ተሰቅሎ አቧራ ሲጠጣ የኖረ የዳቦ ማሽን አገኘሁና በካርቶን አስሬ፣ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ በአውቶቡስ ጭኜ ሐረር አደረስኩት። ምክንያቱ ቀላል ነው። የአያቴ ቀኝ እጅ ካለፈው ዓመት ጀምሮ አይጨብጥም። የመገጣጠሚያ ሕመም ነው ተብላለች። በዓል ሲደርስ ሰፈሩን በሽታ የምታስነሳ ሴትዮ፣ ላለፉት ሁለት በዓላት ዳቦ ገዝታ በላች። የተገዛውንም «የሰው ዳቦ» ነው የምትለው።

እኔ የተማርኩት ኢንጂነሪንግ ነው፤ ነገር ቶሎ ለመፍታት እቸኩላለሁ። ችግሩ ማቡካት ነው፣ የሚያቦካ ማሽን አለ፣ አለቀ ብዬ ነበር። የመጀመሪያው ዳቦ መሀሉ ሰመጠ። ሁለተኛው ለግንብ የሚሆን ድንጋይ ሆኖ ወጣ። ሦስተኛው ላይ መብራት ጠፋ።

በጨለማው ውስጥ አያቴ «ፉርኖውን ደግሞ ይዘህ እንዳትጨርሰው» አለችኝ። ዱቄቱን ማለቷ ነው። ይህ ጽሑፍ የተጀመረው ከዚያች ቃል ነው።

ስሙ ሳይቀየር የተቀየረ ነገር

ፉርኖ ለእኛ ነጭ የስንዴ ዱቄት ነው። ሱቅ ሄዳችሁ «ፉርኖ ዱቄት ስጠኝ» ብትሉ ባለሱቁ ምንም አይጠይቃችሁም፤ ይመዝናል። ቃሉ ግን ጣሊያንኛ ነው፤ እዚያ ያለው ትርጉምም ዱቄት አይደለም፤ ዳቦ የሚጋገርበት ምድጃ ነው። ምድጃው መጣ፣ ምድጃው የሚፈልገው ነጭ ዱቄት ተከተለው፣ ከዚያ ስሙ ከምድጃው ወደ ዱቄቱ ተሻገረ። እንደ ፕሮግራመር ሳየው፣ አንድ ሰው የቫሪያብሉን ስም እንዳለ ትቶ ውስጡን ብቻ የለወጠው ይመስላል። ኮዱ ይሠራል፤ ታሪኩ ግን ስሙ ውስጥ ተቀብሮ ቀርቷል።

ጀጎል ገብታችሁ ዐረብኛ የሚያውቅ ሽማግሌ ብትጠይቁ ደግሞ የዳቦ ምድጃን «ፉርን» ይላችኋል። ሁለቱ ቃላት የአንድ አያት ልጆች ናቸው፤ ላቲኑ «ፉርኑስ» ይባላል። አንዱ ጣሊያን ቀረ፤ ሌላው በግሪክ በኩል ዞሮ ዐረብኛ ገባ። ሁለቱም ቋንቋዎች ደግሞ በየዘመናቸው ሐረር ደረሱ። ዐረብኛው ከንግድና ከሃይማኖት ጋር ቀድሞ፣ ጣሊያንኛው ከታንክ ጋር ዘግይቶ።

እና ከፉርኖ በፊት ሐረር ምን ነበር የሚበላው?

የአሚሩ ቤት ምሳ

እ.ኤ.አ. በጥር 1855 ሪቻርድ በርተን የሚባል እንግሊዛዊ ሐረር ገባ። ከተማዋ በግንብ የታጠረች ነበረች፤ ለአውሮፓዊ የተዘጋች ናት የሚል ዝናም ነበራት። አሥር ቀን ቆይቶ ወጣና በዓመቱ መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ ውስጥ ከአሚሩ ወጥ ቤት የተላከለትን ምግብ ይገልጻል፤ የማሽላ ቂጣ፣ በጎምዛዛ ወተት የራሰ፣ ላዩ ላይ ቀይ በርበሬ በደንብ የተነሰነሰበት። ስሙን «ሻብታ» ብሎ ጽፎታል።

ይህን ሳነብ በጣም ነው የሳቅኩት፤ ምክንያቱም ምኑም አልራቀኝም። ፍትፍት ነው። አያቴ ቂጣ ሲተርፋት በእርጎ አድርጋ የምትሰጠን ነገር ነው፤ የአሚር ምሳ እንደሆነ ሳናውቅ በልተነው አድገናል።

በርተን የምግቡን ስም ጻፈ፣ ምን እንደገባበት ጻፈ። ማን እንደጋገረችው አልጻፈም። ማሽላውን ማን ፈጨችው? ሊጡ መድረሱን በምን አወቀች? ይህ ጥያቄ ለእሱ ጥያቄ አልነበረም፤ ምግቡ ዝግጁ ሆኖ ነው የቀረበለት።

ማሽላ ላይ ትንሽ ልቁም፣ ምክንያቱም ዳቦን ዳቦ የሚያደርገው ነገር እዚህ ጋ ነው ያለው። ስንዴ ውስጥ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ግሉተን የሚባል መረብ የሚሠሩ ፕሮቲኖች አሉ። ስናሸው፣ ስንስበው፣ ስናጥፈው መረቡ ይጠነክራል። እርሾው የሚያወጣው አየር እዚያ መረብ ውስጥ ተይዞ ይቀራል፤ ሊጡ የሚነፋው ለዚህ ነው። ማሽላ ይህ መረብ የለውም። የፈለጋችሁትን ያህል ብታሹት አየሩን አይዝላችሁም፤ ስለዚህ ቂጣ ይሆናል፣ እንጀራ ይሆናል፣ ገንፎ ይሆናል። በሐረር ዙሪያ ያለው እርሻ ደግሞ በዋናነት የማሽላ አገር ነው።

ይህ ማለት የጥንቱ የእጅ ሥራ ሸክም ማሸት ላይ አልነበረም፤ መፍጨት ላይ ነበር። ድንጋይ ወፍጮ፣ መጅ፣ ጉልበት መሬት ላይ፣ ወገብ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ። አያቴ በልጅነቷ የደረሰችበት ሥራ ነው። እኔ ደግሞ ስለ ድሮ ነገር ሳወራ ትንሽ የመቆዘም ልማድ አለኝ። አንድ ጊዜ «ግን እኮ የድንጋይ ወፍጮ ዱቄት ጣዕሙ ልዩ ነበር ይባላል» ስላት እንዲህ አለችኝ፦

«የድንጋይ ወፍጮ የሚናፍቀው ፈጭቶ የማያውቅ ነው።»

ባለሞተሩ ወፍጮ ቤት ሰፈሯ የመጣ ቀን እናቷ እልል ማለቷን ታስታውሳለች። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ «ማሽን መጣና ባህላችንን ወሰደብን» ወደሚል ልቅሶ እንድወስደው አያቴ አትፈቅድልኝም። የወፍጮ ቤቱ ማሽን የወሰደው የወገብ ሕመም ነው።

ገጣሚው መመሪያ ሲያዝ

እ.ኤ.አ. በ1875 ግብፆች ሐረርን ያዙና አሥር ዓመት ቆዩ። ዳቦን «ዐይሽ» ብለው የሚጠሩ ሰዎች ናቸው፤ ያው ቃል «ሕይወት» ማለትም ነው። በእነሱ ዘመን፣ በ1880 መጨረሻ ላይ፣ አንድ የ26 ዓመት ፈረንሳዊ የንግድ ቤት ሠራተኛ ሆኖ ከተማዋ ገባ። አርተር ራምቦ። ዛሬ ጀጎል ውስጥ በስሙ ሙዚየም አለ፤ ቱሪስት ሁሉ ፎቶ የሚነሳበት።

ስለ ራምቦና ሐረር ብዙ ተብሏል፤ ስለ ዳቦ ግን ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። አንደኛ፣ ገና በ15 ዓመቱ፣ በ1870፣ «ሌ ኤፋሬ» የሚል ግጥም ጽፎ ነበር። አምስት የተራቡ ልጆች በክረምት ብርድ መሬት ላይ ተንበርክከው፣ በዳቦ ቤት ምድር ቤት መስኮት በኩል ጋጋሪው ሲሠራ ያያሉ። ልጆቹ የሚያዩት የሰውየውን ክንድ ነው፤ ሊጡን፣ እሳቱን። ዳቦው አይደርሳቸውም። ሁለተኛ፣ ያ ልጅ አድጎ፣ ግጥም ትቶ፣ ቀይ ባሕር አካባቢ ሲደርስ፣ ለቤተሰቡ በጻፋቸው ደብዳቤዎች የእጅ ሥራ መመሪያ መጻሕፍት እንዲልኩለት ይጠይቅ ነበር፤ ስለ ብረት ማቅለጥ፣ ስለ ጡብ፣ ስለ ሸክላ፣ ስለ ሻማ፣ ስለ ቁልፍ ሥራ። ሁሉንም ከመጽሐፍ ተምሮ ሊሠራው።

ይህን ሰው በደንብ ነው የማውቀው፤ ምክንያቱም እኔ ነኝ። እኔም አያቴ ቤት ስገባ የማሽኑን መመሪያ አንብቤ፣ ሦስት ቪዲዮ አይቼ፣ ግራሞቹን በስልኬ ጽፌ ነበር። ሁለት ክፍል አልፋ የተቀመጠችውን ሴትዮ ግን አልጠየቅኳትም። በመስኮቱ ያዩ የነበሩት ልጆች ከትልቁ ራምቦም ከእኔም ይሻላሉ። ቢያንስ እጁን ነው ያዩት።

ጣሊያን፣ ፉርኖ፣ መኪና

በጥር 1887 የምኒልክ ጦር ጨለንቆ ላይ አሸነፈና ሐረር ወደ ኢትዮጵያ ግዛት ተጠቃለለች፤ ራስ መኮንንም ገዥ ሆኑ። ከደጋው የመጣው ሰው የስንዴ ድፎውን ይዞ መጣ። የእኔም ቤተሰብ ሥር ከዚያ ጉዞ ነው የሚመዘዘው። ድፎ ከፉርኖ ፍጹም የተለየ አስተሳሰብ ነው። ምድጃ አይፈልግም፤ ሊጡ በኮባ ተጠቅልሎ ምጣድ ላይ ይተኛል፣ ከታች እሳት፣ ከላይም በክዳን ላይ ፍም። እሳቱን ሁለት ቦታ መጠበቅ አለባችሁ፤ ማንም ደግሞ ቴርሞሜትር አልሰጣችሁም።

ጣሊያኖች ሐረርን ከአየር የደበደቡት በመጋቢት 1936 ነው። በግንቦት 8 ገቡባት፤ አንዱ የቅኝ ግዛታቸው አስተዳደር መቀመጫም አደረጓት። በ1941 መጋቢት የእንግሊዝ ጦር ሲገባ ወጡ። አምስት ዓመት እንኳ አይሞላም። ነገር ግን ዳቦ የለመደ ሠራዊት፣ ዳቦ የለመደ መንገድ ሠሪ ይዘው ነበር የመጡት። የአገሩ ስንዴ ስላልበቃቸው ከውጭ ያስገቡ ነበር። እነሱ ሄዱ፤ ከጠመንጃው ይልቅ ቋንቋው ቀረ። ፓስታ፣ ጎማ፣ ፋብሪካ፣ ፉርኖ።

አንድም ሌላ ቃል አለ፦ መኪና። የጣሊያንኛው «ማኪና» ዘመድ ነው። ሐረር ውስጥ ይህን ቃል የያዘ መንገድ አለ፤ ከፈረስ መጋላ ወደ ጀጎል መሀል የሚወርደው «መኪና ግርግር»። ስሙን ሰምታችሁ የትራፊክ መጨናነቅ እንዳይመስላችሁ። ግራና ቀኝ ልብስ ሰፊዎች ተቀምጠው የሚያሰሙት የስፌት መኪና ድምፅ ነው መንገዱን የሰየመው።

ያን መንገድ የምወደው ለዚህ ነው። መኪና ገባ፣ ሰፊው ግን አልወጣም። ዛሬም ጨርቁን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፤ ሰውየው ትከሻችሁን በዓይኑ ለክቶ፣ እግሩ እየረገጠ፣ እጁ ጨርቁን እየመራ፣ እዚያው ቆማችሁ ያስረክባችኋል። መኪናው የወሰደው መርፌውን ነው፤ ዓይኑንና እጁን አልነካበትም።

ሆቴል ውስጥ የሠለጠነች ፕሮግራመር

የዳቦ ማሽን ታሪክ ላይ ስደርስ ደግሞ አንድ ያልጠበቅኩት ሰው አገኘሁ፤ የሙያ ባልደረባዬን።

በ1980ዎቹ አጋማሽ፣ ጃፓን ኦሳካ ውስጥ፣ በኋላ ፓናሶኒክ የተባለው ማትሱሺታ ኤሌክትሪክ ኩባንያ ለቤት የሚሆን የዳቦ ማሽን እየሠራ ነበር። አልሆነም። ዳቦው ላዩ ያርራል፣ ውስጡ ጥሬ ይሆናል። መሐንዲሶቹ ማሽኑ ያቦካውንና ባለሙያ ያቦካውን ሊጥ በኤክስሬይ አንስተው እስከማወዳደር ደርሰዋል፤ ምንም የሚረባ ነገር አላገኙም።

ከቡድኑ አንዷ፣ ኢኩኮ ታናካ የምትባል ሶፍትዌር ሠሪ፣ ሌላ ሐሳብ አመጣች። ኦሳካ ውስጥ በዳቦው ስሙ የተነሳ ሆቴል ነበር፤ ኦሳካ ኢንተርናሽናል ሆቴል። እዚያ ሄዳ ከዋናው ጋጋሪ ሥር ሠልጣኝ ሆነች። አብራው አቦካች። አንድ ቀን ሰውየው ሊጡን ሲስበው ለየት አድርጎ እንደሚጠመዝዘው ልብ አለች። እሱ አልነገራትም፤ ምናልባት እንደሚያደርገውም አያውቅም ነበር። ተመልሳ ለመሐንዲሶቹ ነገረቻቸው። አንድ ዓመት ያህል ሞክረው፣ በማሽኑ ሳህን ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ሊጡን የሚይዙ ጉብታዎች ጨመሩ። ሊጡ ሲዞር ጉብታው ይይዘዋል፣ ይስበዋል፣ ይጠመዝዘዋል። ማሽኑ ገበያ ወጣና በብዛት ተሸጠ። ታሪኩን የጃፓን የማኔጅመንት ምሁሩ ኢኩጂሮ ኖናካ ጽፎት በዓለም ዙሪያ ይጠቀሳል፤ ሰው የሚያውቀው ነገር ሁሉ በቃል እንደማይነገር ማስረጃ ተደርጎ።

ይህን አንብቤ ተነሳሁና የራሴን ማሽን ከፈትኩት። ጣቴን በሳህኑ ግድግዳ ላይ አስኬድኩት። ጉብታው አለ። አንድ ስሙ ያልተጻፈ የኦሳካ ጋጋሪ እጅ፣ ሸንኮር፣ አያቴ ጠረጴዛ ላይ።

የእኔ ሊጥ ለምን እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ። ማሽኑ የአንድን ሰው እጅ ያውቃል፤ ያ ሰው ግን ሐረርን አያውቅም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,800 ሜትር ከፍ ትላለች። አየሩ ስስ ስለሆነ ሊጥ ቶሎ ይነፋል፤ ለባሕር ዳርቻ ከተማ የተለካ እርሾ እዚህ ይበዛል፣ ይነፋና መሀሉ ይሰምጣል። ውሃችን እንኳ የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ከሱቅ የምንገዛው ዱቄት ደግሞ ከከረጢት ከረጢት ይለያያል፤ አንዱ ውሃ ይጠጣል፣ አንዱ አይጠጣም። መመሪያው ላይ ያለው የግራም ቁጥር ስህተት አልነበረም። የሌላ አገር ቁጥር ነበር።

ወደ ጨለማው ልመለስ

መብራቱ አልመጣም። ግማሽ የታሸ ሊጥ ማሽን ውስጥ ተቀምጧል። አያቴ «ሻማ አብራና ገበቴውን አምጣ» አለች።

ገበቴውን አመጣሁ። ሊጡን ገለበጥኩት። ግራ እጇን ዘረጋችና በአንድ ጣት ጫን አደረገችው። የጣቷ ጉድጓድ እዚያው ቀረ።

«ገና ነው። እጅህን ታጠብ።»

እዚህ ቤት ውስጥ 28 ዓመቴ ድረስ ሊጥ ነክቼ አላውቅም። እህቴ በ9 ዓመቷ ተጠርታ ገበቴው ሥር ተቀምጣለች፤ እኔ ለመብላት ነው የምጠራው። ከአሚሩ ምሳ እስከ ማሽኑ ድረስ ያለው ታሪክ ለምን ቀዳዳ እንደበዛበት ሳስብ መልሱ እኔው ነኝ፤ የጻፉት በላተኞች ናቸው፤ ያቦኩት ደግሞ አልጻፉም። አያቴ ፊደል አልቆጠረችም። እህቴ ታውቃለች፤ እሷ ግን አሁን ያለችው ሌላ አገር ነው።

«ግፋው። በእጅህ መዳፍ፣ በጣትህ አይደለም። እጠፈው። አዙረው። ግፋው።»

ቆጠርኩ፤ ልማድ ነው። «አትቁጠር» አለች። ዝም ብዬ በልቤ ቆጠርኩ። ወደ 140 ስደርስ ክንዴ መቃጠል ጀመረ። ይህን ነገር ይህቺ ሴትዮ ለስድስት ልጅ፣ ከዚያም ለልጅ ልጅ፣ ስንት ሺህ ጊዜ ሠራችው? ያ የማይጨብጠው እጅ የት ሄዶ እንደቀረ በሻማ ብርሃን አየሁት።

አንድ ቦታ ላይ ሊጡ ተለወጠ። እንዴት ብዬ እንደምነግራችሁ አላውቅም። እጄ ላይ ይጣበቅ የነበረው ነገር ጣቴን ለቀቀኝ፤ ስገፋው መልሶ ይገፋኝ ጀመር። አያቴ ሳላቆም እጄ ላይ ግራ እጇን አሳረፈች፤ አብራኝ ሦስት ጊዜ ገፋች።

«አሁን የጆሮህን ጫፍ ንካ።» ነካሁ። «ሊጡን ንካ።» አንድ ነው። «ይኸው። በቃህ።»

ነጭ አዝሙድ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ጨርቅ፣ ብርድ ልብስ፣ እንቅልፍ። ጠዋት በሙዝ ቅጠል ጠቅልለን፣ ኮባ ስላጣን፣ ምጣድ ላይ ጫንነው። የላዩን ፍም እኔ አበዛሁት፤ አናቱ ትንሽ አረረ። እሷ በላች፤ ሁለት ጊዜ ቆርሳ። «የሰው ዳቦ» አላለችም።

አሁን ስልኬ ላይ አንድ ፋይል አለ። እርሾው በስንት ይቀነስ፣ ውሃው በስንት ይጨመር፣ የትኛው ፕሮግራም ላይ ይቁም የሚል፤ ለሐረር ያስተካከልኩት። ማሽኑም ሥራ ላይ ነው፤ ጥዋት ጥዋት እሱ ያሻል፣ አያቴ ክዳኑን ከፍታ በጣቷ ጫን ታደርገዋለች፣ «ገና» ካለች የቤት ሠራተኛዋ ደግማ ታስነሳዋለች። ፋይሉ ውስጥ ከቁጥሮቹ ሥር ሌላ ዝርዝር አለ፦ የጆሮ ጫፍ፣ መልሶ የሚገፋ፣ የጣት ጉድጓድ ቀስ ብሎ የሚሞላ። ይህኛውን ወደ ቁጥር መቀየር አልቻልኩም። በየሁለት ወሩ እየመጣሁ ነው የምጨምርበት።

ያን ሌሊት፣ ሊጡን ሸፍነን ልንተኛ ስንል፣ መብራት መጣ። ማሽኑ ጢጥ ብሎ በራ፤ ባዶ ሳህኑን ይዞ ከዜሮ መዞር ጀመረ።

«በል ንገረው እንጂ» አለች አያቴ፣ ብርድ ልብሷን እየሳበች። «አልቋል በለው። ቤተሰብ አቡክቶታል።»